መስመር ቀያሪው

ሮብሌ ሲመጣ ማንም አልወደደው፣
በሽርጥ፣ በሰንደል ሜዳ የወረደው፤
ሐዲድ ሲቀይር ኖሮ ጡረታ የወጣ
ምን ሊያሳየን ብለን፣ ፊሽካ ይዞ ቢመጣ?

ጨዋታችን ነበር ደቻቱ አሸዋ ላይ፣
ወንዙ በደረቀ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ።
ኳሷ ሙሸበክ ናት፣ እኛ የዝንብ መንጋ፤
አንዱ ጋ ስትሄድ ሁላችን እዚያ ጋ።
ተከላካይ ሲያገኝ ወደ ላይ ይለጋል፣
ከላይ እስክትወርድ ሁሉ ያንጋጥጣል፤
ስትወርድ ክርን ነው፣
ስትወርድ ስድብ ነው።

እኔ ደግሞ፣ ጉሌድ፣ የገንደ ቆሬ ልጅ፣
ሦስቱን አታልዬ ከጎሉ አፍ፣ ከደጅ
አራተኛው ነጥቆኝ አፈር ስቅም እንኳ
ባጃጅ ነጂው ሁሉ ጥሩምባ ሲያስነካ፣
«አቦ ጉሌድ!» ሲሉኝ ሌላ መች ይታየኛል?
ሁለት ለባዶ ነው፤ እኔን ምን ገዶኛል?
ቡድኑ ቢሸነፍ ስሜ መች ይሸነፍ፣
ማታ በየበርጫው አብዶዬ ሲለፈፍ።

በመጀመሪያው ቀን ኳሷን ከለከለን።
በጠጠር፣ አሸዋ ላይ፣ ሐዲድ ሠርቶ አሳየን፦
«እዚህ ጋ ሁርሶ ነው፣ እዚህ ሽንሌ ነው፤
ባቡር መች ያስባል? የሚያስብ ሐዲድ ነው።
ሳይደርስ ነው መስመሩ የሚከፈትለት፤
ከደረሰ ወዲያማ ምን ልታረግለት?»

ሳቅን። ሚፍታህ ሳቀ እንባው እስኪፈስ ድረስ።
ሰውዬው ዝም አለ፣ ሳቁን እስክንጨርስ።

ከዚያ ጎህ ሳይቀድ፣ ሙቀቱ ሳይነቃ፣
ሁለት ንክኪ ብቻ፤ ከሁለት በኋላ በቃ።
ሦስተኛ የነካ ከሜዳ ይወጣል፣
ለቡድኑ ቁርስ አንድ ባልዲ ቲኒ ይልጣል።
እኔ ላጥሁ።
ሰኞ ላጥሁ። ረቡዕ ላጥሁ። ዓርብም ላጥሁ።
የቁልቋሉን እሾህ ከጣቴ እየነቀልሁ
ቀና ባልሁ ቁጥር አንድ ነገር አየሁ፦
ከዝናቡ ለሌንጮ፣ ከሌንጮ ለረዛቅ፣
ማንም ሳይጣራ፣ ማንም ሳይጠይቅ።
ለካስ ባዶ ቦታም የራሱ ስም አለው፤
ቀድሞ የደረሰ ነው ባቡር የሚያገኘው።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ሐምሌ ላይ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ሞልቶ
የጎሉን ቋሚዎች ሄደ ተሸክሞ።
ሜዳ የለም። መጋላ ገባን፣
ሰፊዎቹ ከሲንጀራቸው ጋር በተቀመጡበት ቀጭን መንገድ፤
ጨርቃቸውን እንዳንነካ፣
ኳሷን ከመሬት ሳናነሳ
በሹክሹክታ ማሳለፍ እዚያ ተማርን።

መስከረም ላይ ከሳቢያን ልጆች ገጠምን።
ገና ከዕረፍት በፊት ሁለት ገባብን።
ድሮ ቢሆን ኖሮ ጸቡ ይጀመራል፣
አንዱ የአንዱን እናት እያነሳ ይጥላል።
አሁን ግን ዝናቡ ኳሷን ከመረብ አውጥቶ
ለሌንጮ ሰጠው፣ እንደ ዳቦ አጥፎ።
እኔ ወንበር ላይ ነኝ።

ሰባኛው ደቂቃ ሮብሌ ጠቆመኝ።
ገባሁ። ኳሷም መጣች። ሦስት ሰው ከበበኝ።
ባጃጆቹ ጮኹ። «አቦ ግባ! እለፍ!»
እግሬም አማረው፤ ቀኙን ማጠፍ፣
ግራውን አታሎ በመሐል ማለፍ።
በስተቀኜ ግን፣ ከዓይኔ ጥግ ወዲያ፣
ሽንሌ ክፍት ነበር።
ዞሬ አላየሁም። ለቀቅኋት።
ያ እንባው እስኪፈስ የሳቀው ሚፍታህ
እየመጣ ነበር።

መረቡ ሲነፋ ስሜን ማንም አልጠራ።
ሮብሌም አላጨበጨበ፤
ክንዱን ብቻ ቀስ አድርጎ አወረደ፣
ባቡሩ እንዳለፈለት ሰው።

ሁለት ለአንድ አለቀ። ተሸንፈናል።
ማታ በርጫው ላይ ባጃጅ ነጂው
«አስራ አንድ ቅብብል! ወላሂ አስራ አንድ!» ይላል፣
በጣቱ እየቆጠረ፣ ዘጠነኛው ላይ እየጠፋበት፣
እንደገና ከዝናቡ እየጀመረ።
እኔ አላገዝኩትም። ወደ አምፖሉ ጠጋ ብዬ
ከአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር
የቲኒ እሾህ እፈልግ ነበር።